ግሉኮስ የተተከለለት ገብስ

«ማን ታመመ?» አሉኝ መቶ አለቃ፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው። ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው፤ በእኛ ግቢ የሚሆነውን ሁሉ ከእኛ ቀድመው የሚያውቁ ሰው።

«ማንም አልታመመም።»

«ታዲያ ይኼ የተሰቀለው ግሉኮስ ምንድን ነው?»

«ለገብሱ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከሮቶው ወርዶ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቀጭን የሐኪም ቤት ቱቦ አዩት። ከቱቦው ሥር የተደረደሩትን፣ ለሁለት የተሰነጠቁ ቢጫ ጀሪካኖች አዩ። በመጨረሻ እኔን አዩኝ። «እግዜር ይማረው» ብለው ከአጥሩ ወረዱ። ገብሱን ይሁን እኔን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ነገሩ የተጀመረው በአምስት ዶሮዎች ነው። የሌማት ትሩፋት የሚባለው ዘመቻ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እኛ ሰፈር፣ ኮተቤ፣ እንቁላል ከሱቅ የሚገዛ ሰው እንደ ሰነፍ መታየት ጀምሯል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ወሬው ስለ ቄብና ስለ ክትባት ነው። እኔም ከሰው አላንስም ብዬ አራት ቡናማ የፈረንጅ ዶሮዎች አስገባሁ። አምስተኛዋ ግን በራሷ መንገድ ነው የመጣችው። አማቴ ከመንዝ ለፋሲካ ሲመጡ እግሯን አስረው በአውቶቡስ ያመጧት ገብስማ ዶሮ ናት። ወጥ ልትሆን ነበር የመጣችው። ትንሿ ልጄ ቢላዋው ሲሳል አይታ ስላለቀሰች ምሕረት ተደረገላት፤ ለበዓሉ ሌላ ዶሮ ከገበያ ተገዛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገብስማዋ የምትራመደው ፍርድ ቤት በነጻ እንደለቀቀው ሰው ነው።

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች። በአምስት ሲባዛ 600 ግራም። 50 ኪሎ የሚይዘው ጆንያ ሦስት ወር ሳይሞላ ያልቃል። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህ ወግ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ያረጃል። ብቻ በተገዛ ቁጥር ባለቤቴ ደረሰኙን ፍሪጁ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ምንም አትልም፤ ትለጥፈዋለች።

እንግዲህ አንድ ምሽት ስልኬን ስነካካ አንድ ነጭ ጓንት ያደረገ ሰውዬ ብቅ አለ። በመስታወት ቤት ውስጥ ቆሞ ምንጣፍ የሚያህል አረንጓዴ ነገር ጠቅልሎ ያነሳል። አፈር የለም፤ ማዳበሪያ የለም፤ ውሃ ብቻ። አንድ ኪሎ ገብስ በሰባት ቀን ውስጥ ስድስት ኪሎ መኖ ሆኖ ይወጣል ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ገብቶ ስድስት የሚወጣበት ሥራ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም። በመሥሪያ ቤት ቢገጥመኝ ኖሮ ያን ሌሊት ሳላድር ኦዲተር እጠራ ነበር። በዶሮ ስለመጣ ግን አመንኩት።

ሃይድሮፖኒክ ይባላል። ቃሉን በማግስቱ ቁርስ ላይ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ባለቤቴ «ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን እንደሆነ ነበር ልታውቅ የምትፈልግ የመሰለኝ።

ጀሪካኖቹን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ገዛሁ፤ ዘይት የነበረባቸው ባለ 20 ሊትር ስድስት። በጋለ ቢላዋ በቁመታቸው ለሁለት ሰነጠቅኋቸውና አሥራ ሁለት ገበታ ወጣኝ። በፈሳሽ ሳሙና ሦስት ጊዜ ባጥባቸውም ዘይቱ አልለቅ ብሎ አስቸገረኝ፤ በመጨረሻ የለቀቀው በአመድ ሲታሽ ነው። ከዚያ በጋለ ሚስማር በአንደኛው ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ በሳሁ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ግቢው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸቶ፣ መቶ አለቃ በአጥሩ በኩል ሁለት ጊዜ አስለዋል።

መደርደሪያው ግን የራሱ ታሪክ አለው። ገበታዎቹ ውሃ ማቆር የለባቸውም፤ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ማዘንበል አለባቸው፤ ከላይ የፈሰሰው ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ባልዲው እንዲወርድ። ይህን ለበያጁ በእጄም በአፌም አስረዳሁት። ወጣት ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ኩራቱ ደግሞ ከእጁ ይበልጣል።

«ጋሼ፣ የጫማ መደርደሪያ ነው?»

«የዶሮ መኖ ማብቀያ ነው።»

«እሺ። ቀጥ አድርጌ እሠራልዎታለሁ።»

«ቀጥ እንዲል አልፈልግም። እንዲያዘምም ነው የምፈልገው።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ አየኝ። «ጋሼ፣ እኔ ዘመም አድርጌ አልበይድም። ነገ ሰው አይቶት ማን ሠራው ቢልስ?»

ከሦስት ቀን በኋላ ሲያስረክበኝ ውሃ ልኩን አውጥቶ በየመደቡ ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ መሐል ላይ ቆማ አትነቃነቅም። ከአንግል ብረት የተሠራ ባለ አራት መደብ መደርደሪያ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ፣ በአዲስ አበባ ውስጥ እንደሱ ልኩን የጠበቀ ነገር ያለ አይመስለኝም። ከፍዬ አመስግኜ ሸኘሁት። ከዚያ ስባሪ ሴራሚክ ለቃቅሜ በአንድ በኩል ከእግሩ ሥር እየጎሰጎስኩ አዘመምኩት። ባለቤቴ ሂሳቡን ደምራ ስትጨርስ «የዶሮዎቹን የዓመት ቀለብ ነው ያስበየድከው» አለች። ደረሰኙ ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ።

ውሃውን የምትገፋ ትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ገዝቼ ነበር። ፓምፗ መብራት ትፈልጋለች። መብራት ሲኖር ደግሞ ውሃው በፈረቃ ነው። ሁለቱም የተገናኙበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ማክሰኞ ነበር። ስለዚህ ፓምፗን ለልጄ መጫወቻ ሰጥቼ ወደ ግሉኮስ ቱቦ ዞርኩ። ሮቶው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውሃው በራሱ ይወርዳል፤ ቱቦው ላይ ያለችው መዘውር ደግሞ ጠብታውን እንደ ልብ ታስተካክለዋለች። ነርሶች በጣታቸው ገፋ ሲያደርጓት አይታችሁ ይሆናል። በእውነቱ የዚህ ሁሉ ሥራ ብቸኛ የምኮራበት ክፍል እሷ ናት። የፋርማሲዋ ልጅ ቱቦውን ስትሰጠኝ «ታማሚው ዕድሜው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነገ ነው የሚዘፈዘፈው» ብያት ወጣሁ።

አሁን ወደ ገብሱ እንምጣ፤ ጥፋቴም እዚህ ነው።

እህል በረንዳ ሄድኩ። ነጋዴው ሦስት ጆንያ ከፍቶ አሳየኝ። አንደኛው አቧራማ ነው፤ ገለባም አለበት። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለ ነው። ሦስተኛው ግን እንደ ዕንቁ ያበራል፤ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ አንድ እንግዳ ነገር የለበትም። ለዶሮዎቼ ከንጹሕ በታች አልገዛም አልኩ። ነጋዴው «ለቆሎ ነው?» ሲለኝ «ለዶሮ» አልኩት። በጆንያው ላይ ተቀምጦ የነበረው ተሸካሚ ሣቀ፤ ነጋዴው ግን ነጋዴ ነው፣ መዘነልኝ።

ሃያ አራት ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ገበታው ላይ አንድ ጣት በማይሞላ ውፍረት ዘረጋሁት። ጠዋትና ማታ ግሉኮሱን እያየሁ ጠበቅሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ገብሱ አልበቀለም፤ ይልቁንም አፍልቶ ተነሣ። ግቢው የከረመ የሊጥ እርሾ ሸተተ። የዝንብ ብዛት አይወራም። የተፈተገ ገብስ ነበር የገዛሁት፤ ቅርፊቱ በሙቀጫ ሲወልቅ ጽንሱም አብሮ የተጎዳ። ለቆሎ እንጂ ለመብቀል አይሆንም። ይህን በገጠር የሰባት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኔ በሠላሳ ዓመት የሥራ ልምድ አላወቅሁትም።

ሁለተኛው ዙር ሐምሌ ላይ ዋለ። አሁን አቧራማውን ገብስ ገዛሁ፤ በቀለም። ግን ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ የለም፤ ነፋስ እንዳይገባ ብዬ ደግሞ መደርደሪያውን በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። በአምስተኛው ቀን በቡቃያው ሥር እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር ታየ፤ በስድስተኛው ቀን ግራጫ ሆነ፤ ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ሻጋታ ነው። «ለዶሮ ምን ይላታል?» ያሉኝ ነበሩ። ብዙ ይላታል። የሻገተ እህል ውስጥ ያለው መርዝ ጉበቷን ይጎዳል፤ ክፉ ከሆነ ይገድላታል፤ ዶሮ ደግሞ ታምሜአለሁ ብላ አትነግርም፤ ጠዋት ከቆጥ ሥር ነው የምታገኟት። ሁለት ገበታ ሙሉ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩ። መቶ አለቃ ከአጥሩ ሆነው ሥርዓቱን በትዕግሥት ተከታተሉ። ነፍስ ይማር ይላሉ ብዬ ስጠብቅ «ላስቲኩን አንሣው» አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተስተካከለ። ገብሱን መጀመሪያ ማጠብ፣ የሚንሳፈፈውን መድፋት፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ ደህና አድርጎ ማለቅለቅ፣ ከዚያ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ስስ አድርጎ መዘርጋት። ገበታውን በየዙሩ ማጠብ። ነፋስ ማስገባት። ምርጥ ዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባውን ገብስ ደግሞ ጨርሶ አለመንካት፤ እሱ ለማሳ ነው እንጂ ለአፍ አይደለም። ባለ መስታወት ቤቱ ሰውዬ ሰባት ቀን ያለው አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ቀን ይወስዳል፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ገብስም እንደ ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ይቆያል።

ሦስተኛው ዙር በቀለ። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም፤ በእውነት ያምራል። በሁለተኛው ቀን ከፍሬው ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ የጨው ቅንጣት ታህላለች። በሦስተኛው ቀን ነጥቧ ሦስት አራት ሥር ሆና እንደ ትንኝ እግር ትዘረጋለች። በአራተኛው ቀን ሥሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ገበታውን ብታነሱት አይበተንም። ከዚያ ቢጫ ጫፍ ይወጣል፤ ብርሃን ሲያይ በአንድ ቀን ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። ጠዋት በየጫፉ ላይ አንዳንድ የውሃ ጠብታ ይዞ ይቆማል፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም አንዳንድ፣ በመሥመር እንደቆመ ተማሪ። ሽታው እንደተላጠ ኪያር ነው። ሥራ ከመሄዴ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ የማየው ሆነ። ባለቤቴ አንድ ቀን በመስኮት አይታኝ፣ ምን እንዳሰበች ባላውቅም፣ ቡናዬን እዚያው ድረስ አመጣችልኝ።

አማቴ የመጡት በዚህ መሐል ነው፤ ለዓይናቸው ሕክምና። እሳቸው ባሉበት ዓይን የሚታመም ነገር አለ ብሎ ማመን ይቸግራል። ከታክሲ ወርደው ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ መደርደሪያውን ከበር ላይ አዩት። ቀጥ ብለው ሄዱ፤ አንዱን ገበታ አነሱ፤ ከሥሩ አንድ ፍሬ ነቅለው አሸተቱ፤ ጥርሳቸው ላይ አድርገው ነከሱ።

«ብቅልህ አልፎበታል» አሉኝ።

«ብቅል አይደለም እማማ። ሃይድሮፖኒክ ነው።»

«ምን ፖሊስ?»

«ሃይድሮፖኒክ። ያለ አፈር በውሃ ብቻ የሚበቅል።»

«ብቅል በአፈር ነው እንዴ የሚበቅለው? ከተወለድኩ ጀምሮ በአፈር የሚያበቅል አላየሁ። ዘፍዝፈህ፣ ውሃውን አጥልለህ፣ በኮባ ጠቅልለህ፣ ድንጋይ ጭነህበት፣ በሦስተኛው ቀን ታሰጣዋለህ። አንተ ዝም ብለህ አሳደግኸው። ይኼ አሁን ለጠላ አይሆንም።»

«ለዶሮ ነው እማማ።»

ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። ልጃቸው ወደ ፍሪጁ ተመለከተች።

ሌሊቱን አሰብኩበት፤ ሴትዮዋ ልክ ናቸው። ሃይድሮፖኒክስ የሚለውን ስም በዓለም ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዊልያም ገሪክ ናቸው፤ በፈረንጆቹ 1937። ከግሪክኛ ውሃና ሥራ የሚሉ ቃላት የተሰፋ ስም ነው። ሰውዬው ግን ያበቀሉት ቲማቲም ነው፤ ከሰባት ሜትር በላይ ያደገ፤ ለዚያም ውሃው ውስጥ ተክሉ የሚፈልገውን ማዕድን ሁሉ መዝነው ጨምረውበታል። የኔ ገብስ ውሃ እንጂ ሌላ ምንም አልተጨመረለትም፤ ዘጠኝ ቀን የሚኖረው እናቱ ፍሬው ውስጥ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ስለዚህ በፈረንጅኛው ሕግ ቢታይ እንኳ ሃይድሮፖኒክ ሊባል አይገባውም። ብቅል ነው። ያለፈበት ብቅል። በባለ አንግል ብረት መደርደሪያ ላይ፣ ከነግሉኮሱ።

ይኼ ደግሞ ገብስ ምን እንደሆነ በማያውቅ አገር የተደረገ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በፈረንጆቹ 1927 አገራችንን በበቅሎ ሲያቋርጥ ካስገረሙት ነገሮች አንዱ የገብሳችን ዓይነት ብዛት ነበር። አሜሪካኖች ገብሳቸውን ቢጫ የሚያደርግ በሽታ ሲያስቸግራቸው መድኅኑን ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ዘር ውስጥ ነው። አማቴ ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ሰነፍ ቆሎውን፣ የበልጉንና የመኸሩን በመዳፋቸው አገላብጠው ይለያሉ። ከዚህ ቤት ወጥቼ ነው እኔ ገብስ ማብቀል ከስልክ የተማርኩት።

ለማንኛውም የመጀመሪያው ምንጣፍ ለዶሮዎቹ የቀረበው አማቴ በተገኙበት ነው። በትሪ አድርጌ፣ ጥቅልሉን ዘርግቼ፣ መሐል ግቢ አስቀመጥኩ። አራቱ የፈረንጅ ዶሮዎች እንደ እባብ አዩትና ቆጥ ሥር ገብተው ጮኹ። ገብስማዋ ብቻ ቀረች። አንገቷን ወደ ጎን ጥላ በአንድ ዓይኗ አየችው፤ አዙራ በሌላው አየችው። ቀረበች። አረንጓዴውን ጫፍ አንዴ ነክታ ተወችው። ከዚያ ጥፍሯን ሥሩ ውስጥ ከትታ ምንጣፉን በአንድ ርግጫ ገለበጠችው፤ ሥሩ ወደ ላይ፣ ሣሩ ወደ ታች። መሐል ለመሐል ሳይበቅል የቀረውን ፍሬ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ሌሎቹም አይተው ተሰለፉ። ዘጠኝ ቀን የለፋሁበትን አረንጓዴ እየረገጡ፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት ልሰጣቸው እችል የነበረውን ገብስ በሉ።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» አሉ አማቴ።

ሲጠግቡ ግን ወደ ሣሩ ተመለሱ፤ ይህን ለፍትሕ ስል እናገራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ገና ትሪውን ሲያዩ መሮጥ ጀመሩ።

እኔም ሂሳብ ሠራተኛነቴ አገረሸብኝ። አንድ ኪሎ ገብስ ስድስት ኪሎ ሆነ፤ ይኼ እውነት ነው፤ በኩሽናው ሚዛን መዝኜዋለሁ። ነገር ግን አንዱን ዙር ሙሉ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ፣ ፀሐይ ስትገኝ እያወጣሁ፣ ዝናብ ሲመጣ እያስገባሁ፣ ሣሩ እንደ ገለባ እስኪንኮሻኮሽ አደረቅሁት። መዘንኩት። 860 ግራም። አንድ ኪሎ ገብስ ገብቶ 860 ግራም ወጣ። አምስት ኪሎ ከምናምኑ የኮተቤ ውሃ ነበር። ቀሪዋን 140 ግራም ገብሱ ራሱ ሲያድግ አቃጥሏታል፤ እሱም ይተነፍሳል፣ እሱም ይሠራል፣ ደመወዙን ከጆንያው ነው የሚቆርጠው። ነጭ ጓንት ያደረገው ሰውዬ አልዋሸም። ውሃ ሸጠልኝ እንጂ አልዋሸም።

ላም ብትሆን ኖሮ ደግሞ ሣሩን አመንዥካ አንድ ነገር ታደርገው ነበር። ዶሮ አታመነዥክም፤ ከሣር የምታወጣው ጥቂት ነው። ይህን ከማወቄ በፊት «መኖው በግማሽ ይቀነስ፣ ግማሹን ቡቃያው ይሸፍነዋል» ብዬ ወስኜ ነበር፤ በሃያ ቀን ውስጥ የቀን እንቁላላችን ከአራት ወደ ሁለት ወረደ። የመጣችውም እንቁላል ቅርፊቷ ሳስቶ በእጅ ላይ ትሰበር ጀመር፤ ቅርፊት የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ እንጂ ከገብስ ቡቃያ አይደለም፤ መኖው ውስጥ ያለውን ቀንሼባቸዋለሁ። መኖው ሲመለስ አራቱም ተመለሱ። ገብስማዋ በዚህ ውዝግብ አልተሳተፈችም። እሷ እንደ ወገኖቿ በዓመት ሃምሳ ብትጥል ነው፤ አሥራ ሁለት ስትሞላ ልቀፍ ብላ ቁጭ ትላለች፤ መኖ በዛ አነሰ ብላ ሐሳቧን አትቀይርም።

የተቀየረ ነገር ቢኖር አስኳሉ ነው። ድሮ እንደ ሎሚ ልጣጭ ገርጥቶ የነበረው አሁን ሲሰበር መጥበሻው ላይ ብርቱካን ይመስላል፤ አረንጓዴ ነገር የሚበላ ዶሮ አስኳሉ ይቀላል። መቶ አለቃ አራት እንቁላል በስጦታ ወስደው በማግስቱ አጥሩ ላይ መጡ። «እንቁላሉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?» አሉኝ። ግሉኮሱን በአገጬ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የራሳቸውን ሁለት ዶሮዎች በእኛ አጥር በኩል ያስጠጓቸዋል፤ ከትሪው የሚተርፈውን በቀዳዳ እየሳቡ ይበላሉ፤ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ።

አማቴ ዓይናቸው ታክሞ ሊመለሱ ሲሉ አልተመለሱም። ምክንያቱን የተረዳሁት መደርደሪያውን ሳይ ነው። የላይኛዎቹ ሁለት መደቦች በኮባ ቅጠል ተሸፍነዋል፤ በቅጠሉ ላይ ከበያጁ ስባሪ ብረትና ከኔ ሴራሚክ የተረፈው ተጭኖበታል። ግሉኮሱን ወደ ታች ገፋ አድርገውታል፤ ብቅል ጠብታ አይፈልግም አሉ። በሦስተኛው ቀን አስጡት። ጌሾ ተገዛ። ጋን ከጎረቤት ተለመነ፤ በወይራ ታጠነ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠላው ለማኅበሩ ሲቀርብ መቶ አለቃ ሁለት ጣሳ ጠጥተው «ይኼኛውስ ገብስ ግሉኮስ ተተክሎለት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሙሉ ሣቀ። ባለቤቴ ከሁሉም በላይ ሣቀች፤ በማግስቱ ፍሪጁ ላይ የነበሩት ደረሰኞች ተነሥተው አየሁ። አተላው በጥቂት በጥቂቱ ለዶሮዎቹ ተሰጠ። ያለ ምንም ማንገራገር፣ ሳይገለብጡ፣ ሳይረግጡ በሉት።

መደርደሪያው አሁንም አለ። ሁለት መደብ የአማቴ ነው፤ ሁለት መደብ የኔ። በሳምንት ሁለት ገበታ እዘረጋለሁ፤ ለመኖ ምትክ አይሆንም፤ ለአስኳሉና ለጠዋቱ ሩብ ሰዓት ነው። በያጁ በቀደም በበር ሲያልፍ ገባ ብሎ ሥራውን አየ፤ ሴራሚኩን ከእግሩ ሥር ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አወጣልኝ። እሱ ሲሄድ መለስኳቸው።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ሁለት የተሰነጠቀ ጀሪካን ተርፎኛል፤ መጥታችሁ ውሰዱ። እህል በረንዳ ስትሄዱ ግን ያልተፈተገ ገብስ በሉ። ነጋዴው ለምን እንደሆነ ከጠየቃችሁ ለጠላ በሉት፤ ለዶሮ ብላችሁ ስታስረዱ ቀኑ ይመሻል።